ምስር ወጡን ማን በላው?



የንባብ ክበቡ አስተባባሪዎች «ስለ አገር ዕድገትና ስለ መርሕ ተናገርልን» ብለው ሲጋብዙኝ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ፈራሁ። ርእሱ ሰፊ ነው፤ ሰፊ ርእስ ደግሞ ተናጋሪን ያንዘላዝላል፣ ሰሚን ያስተኛል። ስለዚህ ተነጋግረን አጠበብነው። ዛሬ የማወራችሁ በዋናነት ስለ አንድ አገር፣ ስለ ደቡብ ኮሪያ ነው።

ለምን ኮሪያ? እዚህ ከተማ ውስጥ «መጀመሪያ እንጀራው፣ መብቱ በኋላ ይደርሳል» የሚል ክርክር ሲነሣ፣ ቡናው ሳይቀዳ ኮሪያ ትጠራለች። «እኛ ዘምተን ያዳንናቸው ሰዎች ዛሬ የት ደረሱ! በምን ደረሱ? በጠንካራ መሪ!» ይባላል። ታክሲ ውስጥ ይባላል፤ ለቅሶ ቤት ይባላል፤ ፓርላማም ተብሏል። ከ1951 ጀምሮ ከስድስት ሺህ በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ኮሪያ ዘምተዋል፤ ከመቶ ሃያ የሚበልጡት አልተመለሱም። አፍንጮ በር የቆመውን መታሰቢያ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ኮሪያ ለኛ የሩቅ አገር ምሳሌ አይደለችም፤ ደም የከፈልንባት ናት። ስሟን ስንጠራ ታሪኳን እስከ ጫፉ ብናውቀው ደግ ነው። የኮሪያን ነገር ስናገር ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ወደ አገር ቤት ስመለስ በኛው እለውጣለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ዔሳው ከአደን ደክሞና ርቦት ሲመለስ፣ ብኩርናውን ለያዕቆብ በምስር ወጥ እንደ ሸጠ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ታሪኩን የሰማነው የሞኝ ታሪክ ተብሎ ነው። እኔ ግን ዛሬ ለዔሳው ጠበቃ ልቁምለት። ዔሳው የሸጠው የራሱን ነው። ዋጋውን ራሱ ተስማማ፤ ወጡንም የበላው ራሱ ነው። መንግሥት መርሕን በዕድገት ሲለውጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው የሌላ ሰው ብኩርና ነው፤ ባለቤቱ አይጠየቅም፤ ወጡ ሲወጣም ከማዕዱ አይቀርብም። እንግዲህ በእያንዳንዱ ታሪክ ላይ ሦስት ጥያቄ እየጠየቅን እንሂድ፤ የተሸጠው የማን ነበር? ባለቤቱ ተጠይቋል ወይ? ወጡን ማን በላው?

የመጀመሪያው ነጥቤ የጃፓን ገንዘብ ነው።

ጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ በ1961 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ኮሪያ በጦርነት የደቀቀች፣ በአሜሪካ ርዳታ የምትተዳደር አገር ነበረች። ካፒታል ያስፈልጋል። ካፒታሉ ያለው ደግሞ ከ1910 እስከ 1945 ኮሪያን በቅኝ ግዛት የገዛችው ጃፓን ጋ ነው። በዚያ ዘመን ኮሪያውያን በመቶ ሺዎች እየተጋዙ በጃፓን የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶችና ፋብሪካዎች በግዳጅ ሠርተዋል። የብዙዎቹ ደመወዝ እዚያው ቀርቷል።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ፓርክ ከጃፓን ጋር ለመታረቅ ቆረጠ። ተማሪው ወጥቶ ጮኸ፤ በሰኔ 1964 ሴኡል ላይ ወታደራዊ አዋጅ ታወጀ። በሚቀጥለው ዓመት ስምምነቱ ተፈረመ፤ 300 ሚሊዮን ዶላር በነጻ፣ 200 ሚሊዮን በብድር። በዚያ ገንዘብ ከተሠሩት አንዱ ዛሬ በዓለም የታወቀው የፖሃንግ ብረት ፋብሪካ ነው። በምላሹ በሁለቱ አገሮችና በዜጎቻቸው መካከል ያለው የካሣ ጥያቄ ሁሉ ተዘጋ ተባለ።

እዚህ ላይ ልጠንቀቅ። ገንዘቡን መቀበሉ ኃጢአት ነው አልልም። የተራበ አገር ከትናንት ጠላቱ ጋር ይታረቃል፤ ፖለቲካ ያለ ስምምነት አይሄድም፤ «አንዲት ሳንቲም አልነካም» ብሎ ሕዝቡን የሚያስርብ መሪም ቅዱስ አይባልም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የተሸጠው የማን ነበር? ጉድጓድ ውስጥ ጤናው የቀረ የአንድ ገበሬ ልጅ ደመወዝና ካሣ ነው። እሱ ተጠየቀ? አልተጠየቀም። ሰነዶቹ ይፋ የወጡት በ2005፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ እንደ ታየው፣ የኮሪያ መንግሥት በድርድሩ ወቅት የተጎጂዎቹን ካሣ ጠቅልሎ ከተቀበለ በኋላ ለየሰዉ እኔው አከፋፍላለሁ ብሎ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ለሟች ቤተሰቦች መጠነኛ ገንዘብ ተሰጠ፤ በሕይወት ለተመለሱት ምንም። አራት አዛውንት ግን አንለቅም ብለው ጃፓናዊውን የብረት ኩባንያ ከሰሱ። የኮሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2018 ሲፈርድላቸው ሦስቱ ሞተዋል። ፍርዱን በሕይወት ኖሮ የሰማው አንዱ፣ የዘጠና አራት ዓመት ሽማግሌ፣ ብቻውን ነበር።

በነገራችን ላይ ይኼ ነገር ለኛም እንግዳ አይደለም። ጣሊያን ለጦርነቱ በከፈለችው ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ ነው። ግድቡ መብራት ሰጥቶናል፤ አልክድም። ግን የየካቲት 12 ሟች ቤተሰብ፣ በመርዝ ጋዝ ቆዳው የተላጠ ገበሬ፣ «ካሣህን ግድብ እንሥራበት ወይ?» ተብሎ የተጠየቀበትን ስብሰባ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ሁለተኛው ነጥቤ ላይ ትንሽ ረዘም ብዬ እቆያለሁ። ፍቀዱልኝ።

በሴኡል መሐል ፕዮንግህዋ የሚባል የልብስ ገበያ አለ። መርካቶን አስቡት። ታች ሱቅ፣ ላይ ስፌት ቤት። በ1960ዎቹ የስፌት ቤት ባለቤቶች ቦታ ለመቆጠብ አንዱን ክፍል አግድም ለሁለት ይከፍሉት ነበር፤ እኛ ቆጥ የምንለው ዐይነት መሆኑ ነው። የጣሪያው ከፍታ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ትልቅ ሰው ቀና ብሎ አይቆምበትም። መስኮት የለም። የጨርቁ ብናኝ አየር ላይ እንደ ጉም ይንሳፈፋል። እዚያ ውስጥ የሚሠሩት በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ናቸው። ከነሱም ታናናሾቹ፣ የአሥራ ሦስት የአሥራ አራት ዓመት ልጆች፣ ክር እየቆረጡ፣ እየተኮሱ፣ እየተላኩ ረዳት ሆነው ይሠራሉ። በቀን አሥራ አራት ሰዓት፤ በወር ሁለት ቀን ዕረፍት። ሥራ ሲበዛ እንቅልፍ የሚከለክል መርፌና ክኒን ይሰጣቸዋል።

ጆን ቴ ኢል እዚያ ልብስ ቆራጭ ነበር። ተወልዶ ያደገው በድህነት ነው፤ ትምህርቱንም አልጨረሰም። ረዳቶቹ ልጆች ምሳ ሳይበሉ ሲውሉ እያየ በአውቶቡስ ሒሳቡ ትንንሽ ዳቦ ገዝቶ ያድላቸውና፣ ማታ በእግሩ ሰዓታት ተጉዞ ቤቱ ይገባል። አንዳንድ ቀን ሰዓት እላፊ ስለሚይዘው ፖሊስ ጣቢያ ያድራል። አንዲት ሰፊ ሳንባዋ ታሞ ደም ስትተፋ አየ፤ ሴትዮዋ ከሥራ ተባረረች። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ነገር የሰማው፤ ለካ አገሩ የሠራተኛ ሕግ አላት! ከ1953 ጀምሮ በወረቀት ላይ የተቀመጠ፣ የሥራ ቀን ስምንት ሰዓት ነው የሚል ሕግ። መጽሐፉን ገዛ። የተጻፈው ጠብሰቅ ባለ የሕግ ቋንቋ፣ በቻይና ፊደል ታጭቆ ስለ ነበር፣ የሚያስረዳኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጓደኛ ምነው በኖረኝ እያለ ሌሊት ሌሊት ያነበው ነበር። ጓደኞቹን ሰብስቦ ማኅበር አቋቋመ፤ ስሙንም «የሞኞች ማኅበር» አለው፤ ይህን ሕግ ሳናውቅ ዝም ብለን መኖራችን ሞኝነት ነው ሲል።

ለፕሬዚዳንቱ የጻፈው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። የጠየቀውን ስሙት። የሥራው ሰዓት ከአሥራ አራት ወደ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ይውረድልን። እሑድ እሑድ እንረፍ። የጤና ምርመራው የይስሙላ አይሁን። የረዳቶቹ ልጆች ደመወዝ በግማሽ ይጨመር። በቃ። ሕጉ ስምንት ሰዓት እያለ እሱ የለመነው አሥር ሰዓት ነው! ይህ ሰው መንግሥት ሊገለብጥ አልተነሣም፤ ፋብሪካው ይዘጋም አላለም።

ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄደ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለ። ኅዳር 13 ቀን 1970 ከጓደኞቹ ጋር የሕጉን መጽሐፍ በአደባባይ ለማቃጠል ወጡ፤ የማይሠራ ሕግ ምን ያደርጋል ብለው። ፖሊስ በተናቸው። ጆን ቴ ኢል ራሱ ላይ ነዳጅ አርከፍክፎ ለኮሰ። ሠራተኛ ማሽን እንዳልሆነ፣ ሕጉ እንዲከበር እየጮኸ በገበያው መሐል ሮጠ። ማታውን ሆስፒታል ውስጥ ዐረፈ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። እናቱን፣ ወይዘሮ ሊ ሶ ሰንን፣ የጀመርኩትን ጨርሺልኝ ብሏት ነበርና፣ እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ ከሠራተኛው ማኅበር ደጅ አልጠፋችም። ምነው እንዲህ ያለ ጓደኛ በኖረኝ ያለውን የሰሙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ደብተራቸውን እየጣሉ ፋብሪካ መግባት ጀመሩ።

ጥያቄዎቻችንን እንድገማቸው። የተሸጠው የማን ነበር? የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳንባ ነው። ተጠይቃለች ወይ? ለሷ ብሎ የጠየቀው ሰው የደረሰበትን ሰማችሁ። ወጡን ማን በላው? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው ነገሩ፤ ባለ ፋብሪካው፣ ላኪው፣ ባለሥልጣኑ። እሷም ከረጅም ዓመት በኋላ፣ ሳንባዋ ከፈቀደላት፣ ትንሽ ትቀምስ ይሆናል።

ሦስተኛውን ነጥብ በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ አጭር የሆነው ቀላል ስለ ሆነ አይደለም። ፓርክ በ1972 ሕገ መንግሥቱን ለውጦ የዕድሜ ልክ ገዥ የሚሆንበትን መንገድ ጠረገ። ለኤክስፖርት ሲባል ጸጥታ ያስፈልጋል፤ ጸጥታ እንዲኖር የሚናገር ሰው መታሰር አለበት፤ ክርክሩ ይኼ ነበር። ስምንት ሰዎች፣ ኮሚኒስት ናችሁ ተብለው ሞት ተፈረደባቸው፤ በሚያዝያ 1975 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ባጸደቀ ማግሥት፣ ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላ ተሰቀሉ። በ2007 የኮሪያ ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደገና አይቶ ስምንቱም ንጹሓን ነበሩ ብሎ ወሰነ። የሠላሳ ሁለት ዓመት መዘግየት መሆኑ ነው። የብረት ፋብሪካ ዘግይቶም ቢሆን ይሠራል፤ የተሰቀለ ሰው ግን ዘግይቶ አይወርድም።

አሁን ከመሐላችሁ አንዱ «ይኹን፤ ግን አደጉ እኮ!» እያለ በሆዱ እንደሚከራከረኝ አውቃለሁ። ትክክል ነው። ማደጋቸውን አልክድም፤ የምክድ ብሆን ይህን መድረክ ባልያዝኩ። በ1964 የአገሪቱ ኤክስፖርት መቶ ሚሊዮን ዶላር ደርሶ በዓል ተደርጎለት ነበር፤ በ1977 ዐሥር ቢሊዮን ገባ። ይህን በዓይኑ ያየ ኮሪያዊ አዛውንት ዛሬም የፓርክን ስም በፍቅር ያነሣል፤ በ2012 ኮሪያውያን የፓርክን ሴት ልጅ ፕሬዚዳንት አድርገው መርጠዋል። ከሣር ጎጆ ወጥቶ ልጁን መሐንዲስ ያደረገን ሰው «ተታለሃል» ልለው አልደፍርም።

ግን ዕድገቱን ያመጣው ዱላው ነው ወይ? ይህን በጥሞና እንየው። ከፓርክ በፊት፣ በ1950 ግድም፣ ኮሪያ መሬትን ከባላባት ወስዳ ለአራሹ አከፋፍላለች። የጭሰኛው ልጅ ትምህርት ቤት ገባ፤ ያ ትውልድ ነው በኋላ ፋብሪካውን የሞላው። ይህ ማንንም በመስቀል የተገኘ አይደለም። በሌላው ጫፍ ደግሞ 1987 አለ። ሕዝቡ በሰኔ አደባባይ ወጥቶ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የመምረጥ መብቱን አስመለሰ፤ ሠራተኛው ተደራጀ፤ ደመወዝ ጨመረ። «ዴሞክራሲ ዕድገቱን ያፈርሰዋል» ያሉት ምን አዩ? በ1987 የነፍስ ወከፍ ገቢው 3 ሺህ 500 ዶላር ግድም ነበር፤ በ1995 ከ10 ሺህ ዶላር አልፏል።

እንዲያውም ጸጥታ ነው የተባለው ራሱ ጸጥታ አልነበረም። በነሐሴ 1979 ዋይ ኤች የሚባል የዊግ ፋብሪካ ተዘጋ። ሠራተኞቹ ሴቶች፣ ከመቶ ሃምሳ በላይ ሆነው፣ የተቃዋሚው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ገብተው ተቀመጡ። ፖሊስ ሌሊት ጥሶ ገባ፤ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ሞተች። የተቃዋሚው መሪ ኪም ዮንግ ሳም ከዚያ በኋላ መንግሥቱን በአደባባይ በመተቸቱ ከፓርላማ ተባረረ። በዚህ ቡሳንና ማሳን ተቀጣጠሉ። ይህን ተቃውሞ እንዴት እናፍነው በሚለው ላይ ቤተ መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ጥቅምት 26 ፓርክን እራት ማዕድ ላይ ተኩሶ የገደለው የራሱ የደኅንነት ሹም ነው። ተመልከቱ፤ ከዊግ ሠሪዎቹ ሴቶች እስከ ፕሬዚዳንቱ ሞት ሦስት ወር አልሞላም። ኪም ዮንግ ሳም በኋላ ራሱ ፕሬዚዳንት ሆኗል። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ሌላ ፕሬዚዳንት በሌሊት ወታደራዊ አዋጅ ሲያውጅ፣ ሕዝቡ ወታደሩን በር ላይ ገትሮ ያዘ፤ የምክር ቤት አባላት በአጥር እየዘለሉ ገብተው በሰዓታት ውስጥ ሻሩት። «መብቱ በኋላ ይደርሳል» ለሚሉ፣ መብቱ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ሰጪ አልነበረውም።

ወደ ቤታችን እንምጣ።

አቶ መለስ ዜናዊ ልማታዊ መንግሥትን ሲያስተምሩ ኮሪያንና ታይዋንን አብነት ያደርጉ ነበር፤ ዕድገትና ዴሞክራሲ የግድ ተያይዘው አይሄዱም ብለውም ተከራክረዋል። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ። የሚጠይቅ ሰው ሲነሣ መልሱ «መንገዱን አታይም? ፎቁን አታይም?» ነበር። አየነው። መንገዱም ፎቁም እውነት ነው። እስቲ በፎቁ ሥር የነበረውን ገበሬ እንይ። በ1997 ዓ.ም. በወጣው የካሣ አዋጅ መሠረት፣ መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የሚያገኘው የመፈናቀያ ካሣ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢው በዐሥር ተባዝቶ ነው። አንድ ጎልማሳ አባወራ፣ ለልጅ ልጁ የሚያወርሰው መሬት በጤፍና በሽንብራ ዋጋ ተሰልቶ፣ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ በእጁ ይሰጠዋል። ያው መሬት በማግሥቱ በካሬ ሜትር ተቆርሶ በሊዝ ይሸጣል። ዋጋው ላይ ተጠይቋል ወይ? መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነውና የሚደራደርበት ወንበር አልነበረም። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በሌላ ተተክቶ ስሌቱ ተሻሽሏል፤ ቀድሞ የተነሣው ገበሬ ግን በአሮጌው ስሌት ተነሥቶ ጥበቃ ሆኗል። ገበሬ የነበረበት ግቢ በር ላይ የቆመ ዘበኛ የምታውቁ እዚህ ትኖራላችሁ። በአዲስ አበባ ዙሪያ የተነሣው ተቃውሞ ከየት እንደ መጣ ለጠፋችሁ፣ አንዱ ምንጩ ይኼ ነው።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ለውጭ ባለሀብት ከቀረቡት ማባበያዎች አንዱ የጉልበት ርካሽነት ነበር። የማን ጉልበት? የገጠር ልጃገረድ። የግሉን ዘርፍ ሠራተኛ የሚጠብቅ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልነበረንም፤ የ2011ዱ የሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል።  ዛሬም ለኮሪደር ልማት ሰፈር ሲነሣ፣ መንገዱ ያምራል አያምርም የሚለው ክርክር ሌላውን ጥያቄ ይሸፍነዋል። መንገዱ ያምራል። እኔም ማታ ማታ እሄድበታለሁ። እድሩ፣ ጎረቤቱ፣ ጉልቱ ለተበተነበት ሰው ግን ጥያቄው ስለ ውበት አልነበረም፤ ስንት ቀን ተሰጠው፣ ማን አነጋገረው የሚል ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልውረድ። ከናንተ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ፣ የፕሮጀክት ሰነድ የምታዘጋጁ አላችሁ። በሰነዱ ውስጥ ወጪ የሚል ሠንጠረዥ አለ፤ ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ነዳጁ እስከ ሳንቲሙ ይጻፋል። የሚነሣው ሰው ግን «ተፅዕኖ» በሚል አንድ አንቀጽ ያልፋል። ያ ሰው ከወጪው ሠንጠረዥ ይግባ። የሚከፍለው ምን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ተጠየቀ፣ ምን ብሎ እንደ መለሰ ይጻፍ። «አይሆንም» ካለም «አይሆንም» ብሏል ተብሎ ይጻፍ። ፕሮጀክቱ ከዚያ በኋላም ሊሠራ ይችላል፤ ቢያንስ ፈራሚው የምን ዋጋ ላይ እንደ ፈረመ ያውቃል።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ፤ ሰብሳቢው እያዩኝ ነው። አሁን መድረኩ የናንተ ነው። ከኔ ጋር የምትስማሙ ትንሽ ታገሡ፤ «ፓርክ ልክ ነበር» የምትሉ እጃችሁን ቀድማችሁ አውጡ።